እትዬ ጥሩሸዋ መስኮት የከፈቱ ዕለት

በዚህ አገር አንድም መኪና ያለ መስኮት አዘጊ ከመነኸሪያ ወጥቶ አያውቅም። ረዳቱ ሊቀር ይችላል፣ ትርፍ ጎማው ሊረሳ ይችላል፣ እኚህ ሰው ግን አይቀሩም። ሾፌሩ ሞተር ሳያስነሳ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ይሰየማሉ፤ ወዲያው ከፊት ወንበር አጠገብ በጣት ስፋት የተከፈተች መስኮት ትታያቸዋለች። «አንተ ልጅ፣ እባክህ መስኮቷን፣ ንፋስ ጨረሰን!» በዓለም ላይ ያለው በሽታ አንድ ብቻ ነው ብለው ያምናሉ፤ እሱም ብርድ ነው። ራስ ምታት ብርድ ነው፣ ጨጓራ ብርድ ነው፤ የልጅ ፈተና መውደቅም ጠጋ ብለው ሲያዩት በጀርባ የገባ ብርድ ነው።

ፀደንያ የዚህን ወገን ቁንጮ ያገኘችው ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ክብርት እትዬ ጥሩሸዋ፣ የመንዝና የአካባቢው መስኮቶች የበላይ ጠባቂ፣ በሹራብ ላይ ጋቢ፣ በጋቢ ላይ ሌላ ጋቢ ደርበው ከጎኗ ተቀምጠዋል። ጣርማ በር ሳይደርሱ መኪናው ውስጥ የተከፈተ ነገር ቢኖር የሾፌሩ ዓይን ብቻ ነበር። የፀደንያን መስኮት ራሳቸው በደረቷ ላይ ተሻግረው ዘጉት። ከዚያ አንገቷን አዩና አዘኑ፤ ከዘንቢላቸው የሱፍ ሻርፕ አውጥተው ሳያስፈቅዱ ጠመጠሙላት።

የፀደንያ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ከእትዬ ጥሩሸዋ ዓይነቶቹ ጋር ሲሟገቱ ነው የኖሩት። ክርናቸውን በመስኮት አውጥተው፣ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያዩ፣ «ክፈቱት እንጂ፣ የእግዜር አየር ነው!» ይሉ ነበር። ፀደንያ ይህ ትዝ ብሏት ብቻዋን ፈገግ አለች፤ ምን እንዳሳቃት ግን ለጎረቤቷ አልነገረችም።

ሞላሌ ላይ ሰው ሲወርድ እትዬ ጥሩሸዋ ሥራዋን ጠየቋት። ሥራዋ አዲስ ሕንፃን ሰው ሳይገባበት መሞከር ነው። ውኃው እስከ መጨረሻዋ ቧንቧ መድረሱን፣ ማሞቂያው መሞቁን፣ አየሩ ገብቶ መውጣቱን አስነስታ፣ አዳምጣ፣ አስተካክላ ታስረክባለች። አሁን የምትሄደው መሐል ሜዳ ዳር ወደተሠራው አዲስ የእናቶች ማቆያ ነው፤ የመውለጃቸው ቀን የደረሰ የገጠር ሴቶች ወደሚያርፉበት ቤት። እትዬ ጥሩሸዋ ይህን ሲሰሙ እጇን ያዙ። ለካ የቤቱ ጽዳትና ጥበቃ ኃላፊ እሳቸው ኖረዋል።

«ልጄ የትምወርቅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ያለችው አሮጌው ቆርቆሮ ማቆያ ነው» አሏት። «አምና የበኩር ልጇን እዚያው ብርድ ወሰደባት። ታኅሣሥ ሳይገባ ይኼ ቤት ሞቆ ካልጠበቀልኝ፣ ይኼኛውንም ይወስድብኛል።»

ፀደንያ ታኅሣሥ ሳይገባ እንደምትጨርስ ቃል ገባች። ቤቱን ገና አላየችውም ነበር።

ቤቱ ከከተማው ጫፍ፣ ፊቱን ለገደሉ ሰጥቶ ለብቻው ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ጉም ከታች እየተሳበ ይመጣና መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ በሩን ይውጠዋል። ውስጡ ያልተተኛባቸው አልጋዎች ላስቲካቸው ሳይገፈፍ ተደርድረዋል፤ ሲራመዱ ኮቴ ከኋላ ይከተላል፤ ሲቆሙ አንዲት እርምጃ ትተርፋለች። ዘበኛው ጋሼ ባስልዮስ እኩለ ቀን ካለፈ ወደ ውስጥ ዝር አይሉም። ቤቱ ስም ይጠራል ይላሉ። የእሳቸውን ስም ከመታጠቢያው ቧንቧ ውስጥ፣ ጥርት አድርጎ፣ ሟች እናታቸው በሚጠሩበት ቁልምጫ ጠርቷቸዋል።

«ምን አሉት?» አለች ፀደንያ፣ ሳቋን ውጣ።

«ምን እላለሁ? ያላዩት ሲጠራ አቤት አይባልም። አቤት ያለ ይሄዳል» አሉ፤ አልሳቁም።

ፀደንያ ቧንቧ ውስጥ አየር ሲታፈን እንዲህ እንደሚያደርግ አስረዳቻቸውና ገባች። አንዱን ቧንቧ ከፈተችው። ውኃ አልመጣም። ቧንቧው ረጅም ትንፋሽ አወጣ፣ ቆመ፣ እንደገና ተነፈሰ፤ ከዚያ ማቃሰቱ በግድግዳው ውስጥ እየሄደ ወደ ሌላው ክፍል ተሻገረና እዚያ ማንም ያልነካው ቧንቧ መለሰለት። አየር መሆኑን እያወቀች ጀርባዋን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ምክንያቱን ያገኘችው ጣሪያ ሥር ስትወጣ ነው። የቤቱ ቧንቧ ሁሉ የመንዝ ባና ለብሷል። ያ በበግ ጸጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በልክ ተቆርጦ፣ በወፍራም ክር ተሰፍቶ፣ ከታንከሩ እስከ ማሞቂያዎቹ ድረስ አንድም ራቁት ብረት አልቀረም። ሥራው የሚያስቀና ነበር፤ ችግሩ ከየመስመሩ ጫፍ ያለችውን ትንሿን የአየር መልቀቂያም አፏን ጭምር ሸፍኖ መስፋቱ ነው። ታንከሩ እንኳ መቀነት ታጥቋል። ፀደንያ ልብስ ሰፊውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

የአየር መልቀቂያዎቹን ገፈፈቻቸውና እትዬ ጥሩሸዋን ጠርታ፣ ቤት እንደ ሰው መተንፈስ እንዳለበት ነገረቻቸው። እሳቸውም በታላቅ አክብሮት አዳመጡ፤ «እሺ የኔ ልጅ፣ የተማረ ይግደለኝ» አሉ። በማግስቱ እያንዳንዷ መልቀቂያ ላይ ትንሽ የሱፍ ቆብ ተደፍቶ አገኘች። አፏን አልሸፈንኩም፣ ጆሮዋን ነው አሉ። ቆቡን ስታነሳ የቁልፍ ቀዳዳዎች በጥጥ ተወተፉ፤ ጥጡን ስታወጣ የማሞቂያ ክፍሉ መስኮት ዙሪያውን በማስቲሽ ታተመ። የእሷም ነገር ከቧንቧው አልተሻለም፤ ባጎነበሰች ቁጥር ጀርባዋ ላይ ጋቢ ያርፋል። ያም ሆኖ መስመሩ አየሩን አስወጣ፣ ውኃው ወረደ፣ ማቃሰቱም እየቀነሰ ሄደ። ጋሼ ባስልዮስ ግን ቤቱ ዝም ያለው እየሰማ ስለሆነ ነው አሉ።

የቀረው ትልቁ ፈተና ነበር፤ በማሞቂያ ክፍሉ ውስጥ በናፍጣ እየነደደ ውኃውን የሚያሞቀው ቦይለር ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቋረጥ ነዶ ቤቱን ሁሉ ማሞቅ አለበት። ፀደንያ በጠዋት የአየር መግቢያውን፣ ከቦይለሩ ክፍል ግድግዳ ግርጌ ያለውን ባለወንፊት ቀዳዳ፣ በእጇ ዳስሳ ክፍት መሆኑን አረጋገጠች። እሳቱ ተነሳ፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከፍ አለ፣ ሁሉም በደንቡ ሄደ። ከሰዓት ላይ እትዬ ጥሩሸዋ ለስንተኛ ጊዜ ጋቢ ይዘው ብቅ ሲሉ ትዕግሥቷ አለቀ። በትሕትና አስወጥታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

ጉሙ ደረሰ። በታሸገው መስኮት በኩል መጀመሪያ አጥሩ ጠፋ፣ ከዚያ ግቢው። ፀደንያ ከቦይለሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መርፌውን ታያለች። የቁልፉ ቀዳዳ ማፏጨት ጀመረ። ቀጭን ነበር፣ ቆይቶ ወፈር አለ፣ ቆይቶ ሁለት ድምፅ ሆነ፤ አንዱ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ብሎ፣ ሰው ከሩቅ ሲጣራ እንደሚያደርገው። ራሷን ወጋት። ብርድ መታኝ ማለት ነው ብላ በራሷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከእሷ የወጣ አልመሰላትም። እሳቱ ቢጫ ሆኗል። ቢጫ መሆን እንደሌለበት ታውቃለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አልመጣላት አለ። ልነሳ አለች፤ ጉልበቷ እሺ አላለም፤ እሷም አልከፋትም።

«ፀዲዬ» አለ የቁልፉ ቀዳዳ።

እንዲህ የሚጠራት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቀና ስትል ቦይለሩ ባለበት ቦታ ሰፊ ጀርባ አየች፤ የአውቶቡስ መሪ፣ በመስኮት የወጣ ክርን። ፊታቸውን አላዞሩም። በላይ ባለው መስታወት ውስጥ ግን ዓይናቸው ይፈልጋት ነበር። «ፀዲዬ» አሉ እንደገና፣ ቶሎ በይ እንደማለት። የጋሼ ባስልዮስ ቃል ከሩቅ ትዝ አላት፤ አባትን አቤት አለማለት ግን እንዴት ይቻላል? ናፍቀዋት ነበር። አፏን ከፈተች።

ያኔ መስኮቱ ተሰባበረ።

ስትነቃ እርጥብ ሣር ላይ ተጋድማ ነበር። ጋሼ ባስልዮስ በመስኮቱ ዘለው ገብተው፣ እሳቱን አጥፍተው፣ መቀርቀሪያውን ከፍተው ጎትተው አውጥተዋታል፤ እኩለ ቀን ማለፉን የረሱት ያን ዕለት ብቻ ነው። እትዬ ጥሩሸዋ አጠገቧ ተንበርክከዋል። ጋቢ አልለበሱም፣ ነጠላም የለም፤ የመንዝ ጉም በባዶ አንገታቸው ላይ ይወርዳል። ድንጋዩን በጋቢያቸው ጠቅልለው ነበር የወረወሩት። የተረፈውን መስታወት በእጃቸው ሲያራግፉ መዳፋቸው ተቆርጧል።

ፀደንያ አንደበቷ ሲመለስ ቦይለሩ አየር ማጣቱን፣ አየር ያጣ እሳት የማይታይና የማይሸት መርዝ እንደሚተፋ ነገረቻቸው። እትዬ ጥሩሸዋ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ግርጌ ሄዱ። በሩ ከተዘጋባቸው በኋላ ጉሙ በወንፊቱ ሲገባ አይተው፣ እሳቱን ብርድ እንዳይመታው ብለው ከውጭ የጠቀጠቁትን ባና መዘው አወጡ። በጥሩ ሁኔታ ተጠቅልሎ፣ ዳሩም ተሰፍቶ ነበር። የቦይለሩን ክፍልና የእናቶቹን ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

«የትምወርቅ እዚህ ተኝታ ቢሆንስ?» አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ፀደንያ ልትቆጣ አልቻለችም። በሩን የቀረቀረችው እሷ ናት።

ፈተናው እንደገና ተደረገ፤ ቤቱም አለፈ። በኅዳር ማለቂያ እናቶቹ ገቡ፤ የትምወርቅ ከማሞቂያው አጠገብ ያለውን አልጋ ያዘች፣ ሻርፕ፣ ካልሲና ሁለት ብርድ ልብስ ሳይጓደልባት። የሌላው ክፍል መስኮት ሁሉ እንደተዘጋ ነው፤ እትዬ ጥሩሸዋ ሃይማኖታቸውን አልቀየሩም። ከአየር መግቢያው ፊት ለፊት ግን በርጩማ አስቀምጠው፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው፣ እየተንቀጠቀጡ ይጠብቁታል። ፍየል እንኳ ቢጠጋው ይቆጣሉ። «ክፍት ይሁን ብያለሁ!» ይላሉ፣ ቃሉ አፋቸውን እየኮመጠጠው።

ፀደንያ የምትመለስበት ቀን መነኸሪያ ድረስ ሸኟት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመው ሳለ፣ ያን ዕለት እንዴት እንደደረሱላት ጠየቀቻቸው። ጋቢ ይዘው መጥተው በሩ ተቀርቅሮ አግኝተው ይሆናል ብላ ነበር የምታስበው። እትዬ ጥሩሸዋ ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቤቴ ልሄድ ወደ አጥሩ በር እየተራመድኩ ነበር። በጉሙ ውስጥ አንድ ወንድ ከኋላዬ፣ ከቦይለሩ ክፍል በኩል ጮኸብኝ። ባስልዮስ መስሎኝ ዞርኩ፤ ባስልዮስ ከፊቴ በሩ ላይ ቆሟል፤ እሱ ምንም አልሰማም። ‹ክፈቱት እንጂ፣ የእግዜር አየር ነው!› አለኝ፤ እንደ ሾፌር ተቆጥቶ።»

«አቤት አሉት?» አለች ፀደንያ።

«አላልኩትም። ድንጋይ አነሳሁ እንጂ።» የታሰረ መዳፋቸውን እያሻሹ አዩዋት። «አታምኚኝ ይሆናል ልጄ። ግን እስቲ አንቺው ፍረጂ፤ እኔ ጥሩሸዋ፣ በገዛ ፈቃዴ መስኮት የምከፍት ይመስልሻል?»

አይመስላትም ነበር። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ሻርፑን ደህና አድርገው ጠመጠሙላት። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ፀደንያ ከጎኗ ያለውን መስኮት በጣት ስፋት ከፈተችው። እትዬ ጥሩሸዋ ከውጭ ሆነው አዩ። እጃቸውን አነሡ፣ አፋቸውንም ከፈቱ፤ ከዚያ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ዝም አሉ።