ከላይ የጀመርኩት ቤተ መቅደስ

አበሻ ሆኖ «ስለ ድንጋይ ሥራ አላውቅም» የሚል ሰው ካገኛችሁ አሳዩኝ! ዕድሜ ልኩን አንዲት ሚስማር አቅንቶ መትቶ የማያውቀው እንኳ፣ ጥንታዊ ሕንፃ በተነሳ ቁጥር ላሊበላን ያነፀው እሱ ይመስል ደረቱን ይነፋል። ሩቅ አትሂዱ፤ እኔ አለሁላችሁ።

ልጄ ሊያ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እዚህ ሆላንድ፣ ዴንሃግ ከተማ፣ የክፍል ጓደኛዋ አያት ቤት፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ አይታ ልቧ ተሰረቀ። ሕንድ አገር ታንጃቩር የሚባል ከተማ ያለ፣ ሺህ ዓመት የሞላው፣ እንደ ፒራሚድ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ነው። ስፕሬክቤርቷን፣ ማለትም ክፍሏ ፊት የምታቀርበውን ገለጻ፣ ስለ እሱ ልታደርግ ወሰነች። ቀኑ ሰኞ ነው፤ ወላጅም ተጠርቷል።

«ፓፓ፣ ሞዴሉን ትሠራልኛለህ?»

«ይሄማ የኔ ሥራ ነው! ላሊበላን ሁለት ጊዜ የተሳለምኩ ሰው'ኮ ነኝ!»

«ቆይ፣ መጀመሪያ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ...»

«አንቺ ጽሑፍሽን አጥኚ!»

አልሰማኋትም። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ሮተርዳም ወደብ ከምሠራበት መጋዘን፣ ዕቃ የሚታሸግበት አንድ ወጥ ነጭ ፎም አስፈቅጄ ስኪዳም ወዳለው ቤቴ አመጣሁ። ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነው። በአውቶቡስ! ሰዉ ፍሪጅ ይዤ የተሳፈርኩ መስሎት ቦታ ለቀቀልኝ። ቅዳሜ ጠዋት የዳቦ ቢላዋ ይዤ ከጫፉ ጀመርኩ። ወደ ታች ፈለፈልኩ፣ ፈለፈልኩ... ብናኙ ሶፋው ላይ፣ ፀጉሬ ላይ፣ ሽሮው ውስጥ ሳይቀር ገባ።

«በዐቢይ ጾም የጣዖት ቤት ታንፃለህ?» አለች ባለቤቴ፣ ከሽሮው ብናኙን እየለቀመች።

«ሥነ ሕንፃ ነው እንጂ ጣዖት አይደለም!»

ሲያልቅ ራሴው ደነገጥኩ። ማማሩ! ፎቶውን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ በቫይበር በተንኩት።

እሁድ ከሰዓት ሊያ ገመድና ከካርቶን የሠራችውን ረጅም ተዳፋት ይዛ መጣች። ሞዴሉን ዞረችው። ነካ ነካ አደረገችው።

«ፓፓ፣ የጫፉ ድንጋይ የታለ?»

«ይኸው፣ ጫፉ ላይ!»

«አይነሳም'ኮ! የኔ ስፕሬክቤርት በሙሉ ስለ እሱ ነው! ግራናይቱን ያለ ሲሚንቶ እየደረደሩ፣ ውስጡን ባዶ አድርገው ከሠሩ በኋላ፣ ያን የሚያህል ድንጋይ በረጅም ተዳፋት እየጎተቱ እንዴት እላይ እንዳወጡት!»

«ልጄ... ምን አደከማቸው? መጀመሪያም እላይ ነበር'ኮ!»

ገመዱን መሬት ላይ ጣለችው።

«ዳት ካን ኒት! አይሆንም! አንተ የሠራኸው'ኮ ላሊበላን ነው፤ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለውን!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እስቲ አስቡት፤ ሺህ ዓመት የቆመውን ሕንፃ እኔ በአንድ ቅዳሜ ገለበጥኩት! ጫፉን በቢላዋው ቆረጥኩ። ጠመመ፤ ግን ተነሳ።

ሰኞ፣ ጉልበቴ አገጬን በሚነካበት የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጬ ጸለይኩ። (በጾም፣ ለሂንዱ ቤተ መቅደስ! ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ።) ሊያ ድንጋዩን በተዳፋቱ ላይ በገመድ ጎተተች፣ ጎተተች... ጫፉ ላይ ቁጭ አለ! ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። አንዲት ተማሪ ግን እጇን አወጣች።

«እዚህ ሞዴል ላይ ድንጋዮቹ መጋጠሚያ የላቸውም እንዴ?»

ሊያ ወደ እኔ ዞረች። ላብ አጠመቀኝ።

«ሕንዶቹ ከታች ነው የጀመሩት፤ አባቴ ግን ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ከላይ ጀመረ» አለች። «ድንጋዩን እላይ ለማውጣት ብዙ ሰው አስፈልጓል። አባቴን ከላይ ለማውረድ ግን እኔ ብቻዬን በቃሁ።»