ጋሽ ዕንባቆም በቀርሜሎስ ተራራ

[ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች የኪራይ ክፍል። የሂሳብ መምህሩ ሆሴዕ ነቢዩ ኤልያስ እሳት ከሰማይ ሲያወርድ የሚያሳይ ሥዕል ከካላንደር ላይ እያየ በዘይት ቀለም ይገለብጣል። ባጃጅ ነጂው ጓደኛው አጵሎስ በርጩማ ላይ ቆሞ ሞዴል ሆኗል።]

አጵሎስ፦ ኧረ ልውረድ! ሠላሳ አንድ ሰው ሆኜ ቆምኩልህ እኮ።

ሆሴዕ፦ አፍህን ዝጋ! አንተ ስታወራ ሕዝበ እስራኤል በሙሉ አፉ ይጣመማል።

አጵሎስ፦ ይቺ ሴትዮም እኔ ነኝ?

ሆሴዕ፦ ነጠላ አልብሼሃለሁ፤ ማን ያውቅሃል?

አጵሎስ፦ ጺሜስ?

ሆሴዕ፦ ጥላ ነው! ጥበብ መቼ ይገባሃል?

አጵሎስ፦ ካላንደሩ ላይ ግን ሕዝቡ ፊት የለውም። ጀርባ በጀርባ ነው።

ሆሴዕ፦ ሰዓሊው ፊት መሳል ቢያቅተው ደፍቷቸው ተገላገለ! እኔ ነኝ ያቀናኋቸው።

አጵሎስ፦ አንተስ ፊት ትችላለህ?

ሆሴዕ፦ [ሸራውን ያያል፤ ይተነፍሳል] አልችልም። ይኼ ጆሮ መሆኑን ከእኔና ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ሦስት ወር ሙሉ በስልክ ቪዲዮ ተምሬ የደረስኩት እዚህ ነው።

አጵሎስ፦ ታዲያ ምን አሠቃየህ?

ሆሴዕ፦ ሮዳስ ናታ! ቅዳሜ ዱራሜ ሽማግሌ እልካለሁ። አባቷ ጋሽ ዕንባቆም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። «ሥዕል የሥራ ፈት ሥራ ነው» አሉ አሉ። ይኼን ሲያዩ ግን መርቀው ይሰጡኛል። ራሳቸውንም ስያቸዋለሁ!

አጵሎስ፦ የቱ ናቸው?

ሆሴዕ፦ ይኸው፣ ከፊት ከቆሙት አንዱ። ካላንደሩ ላይ ፊታቸው የሚታየው እነዚህ ብቻ ናቸው። ካባው የሚያምረውን ለእሳቸው ሰጠሁ።

አጵሎስ፦ ቢላዋው ምንድን ነው?

ሆሴዕ፦ በሬው ታርዶ አይታይህም? ቁርጥ ሊቆርጡ ነዋ! አንተ ለመስቀል ያለ ቢላዋ ትቀርባለህ?

አጵሎስ፦ ደሙ ግን የሚወርደው ከገዛ ክንዳቸው ነው።

ሆሴዕ፦ ቢላዋው አዲስ ስለሆነ ነው!

አጵሎስ፦ [እያመነታ] እኔ መቼም ሰንበት ትምህርት ላይ እንቅልፋም ነበርኩ። ግን ራሳቸውን በቢላዋ ሲተለትሉ የዋሉት የበኣል ነቢያት አይደሉም? ሕዝቡማ እሳቱን ሲያይ በግንባሩ ተደፋ።

ሆሴዕ፦ [ብሩሹ ከእጁ ይወድቃል] ማን አለ?

አጵሎስ፦ መጽሐፍ ቅዱስ።

ሆሴዕ፦ ወይኔ ሆሴዕ! ለካ ሰነፉ እኔ ነኝ! አንድ ምዕራፍ አንብቤ ቢሆን ይኼ ሁሉ አፍንጫ ባልሳልኩ!

አጵሎስ፦ ምን ችግር አለ? እስከ ቅዳሜ ታጠፋቸዋለህ።

ሆሴዕ፦ ፎቶውን ጠዋት በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ። «ከፊት ካባ ለብሰው የቆሙት እርስዎ ነዎት» ብዬ!

[ስልኩ መልእክት መግባቱን በድምፅ ያሳውቃል።]

ሆሴዕ፦ አንተ አንብበው። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

አጵሎስ፦ [ያነባል] «ልጄ ሆሴዕ፣ ሥዕሉን አየሁት። እነዚያ ነቢያት በመጨረሻ ቂሶን ወንዝ ዳር እንደታረዱ ታውቃለህ? ለማንኛውም ቅዳሜ ና። ሽማግሌዎቹን ተዋቸው፤ ብቻህን ና።»

ሆሴዕ፦ ጉዴ ፈላ! [ወለሉ ላይ በግንባሩ ይደፋል]

አጵሎስ፦ [ከበርጩማው ዘሎ ይወርዳል፤ ብሩሹን ያነሣል] እንዳትነሣ! ሕዝቡ ልክ እንዲህ ነው። ሠላሳ አንዱንም እስክጨርስ ንቅንቅ እንዳትል!