አንዲት የጥርስ ሐኪም በዳገት ላይ ስለመንሸራተቷ

ብዙ ሰው ይወድቃል። ተነስቶ፣ አቧራውን አራግፎ መንገዱን ይቀጥላል። በእንዲህ ያለ ቸልተኝነት ስንት ድንቅ ድንቅ ውድቀቶች መግለጫ ሳይሰጥባቸው፣ ሳይመሩና ሳይገመገሙ እንደቀሩ ሳስብ ያንገበግበኛል። የእኛ የቅዳሜ የእግር ጉዞ ማኅበር ግን፣ ምስጋና ለበሳል አመራሩ ይሁንና፣ አንዲትን መንሸራተት እንኳ በዋዛ አላሳለፈም።

ማኅበር ስል አራት ጓደኛሞች ነን። መሪያችን በጡረታ የተገለሉ የመምሪያ ኃላፊ ናቸው፤ መገለላቸውን መሥሪያ ቤታቸው ያውቃል እንጂ እሳቸው ገና አልሰሙም። ደስ እንዲላቸው ብለን «ክቡር» እንላቸዋለን። ቀጥሎ የቤት ደላላው አለ፤ ገደል ሲያሳዩት «እይታው ክፍት ነው» የሚል ሰው። የጥርስ ሐኪሟ አለች፤ ሳቋ እሷን ቀድሞ ይደርሳል። አራተኛው እኔ ነኝ። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እጅ አውጡ ሲባል አወጣለሁ።

የዚያን ቀን ዳገቱን አጋምሰናል። የጥርስ ሐኪሟ ጣቷን ስለነከሳት አንድ ታካሚ እያወራችና እየሳቀች ስትወጣ፣ ጠጠር ከእግሯ ሥር ከዳትና ዷ ብላ ተቀመጠች። ወሬዋን እንኳ አላቋረጠችም። መዳፏን አራግፋ ልትነሳ ስትል ክቡር እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ማንም እንዳይነካት!»

«ማንም አልነካኝም» አለች።

«እንዳትነሺ! ወድቀሻል።»

«አውቃለሁ እኮ፤ እኔ ነኝ የወደቅኩት። ደህና ነኝ።»

ደላላው ፊቱ ጨለመ። አንድ ጠዋት የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወስዷል፤ እስከ ሻይ ዕረፍቱ ድረስ። «ሰማችኋት? ደህና ነኝ አለች። የድንጋጤ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው።»

«እሺ፣ ደህና አይደለሁም።»

«ይኸው፣ አመነች!»

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ሐኪም እኮ ነኝ!»

ክቡር በአባትነት ስሜት ጎንበስ አሉላት። «ልጄ፣ አንቺ የጥርስ ነሽ። የወደቅሽው ደግሞ በ... በወዲያኛው በኩል ነው። የሙያ ድንበር እናክብር።»

ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግር ጀመሩ። የተከሰተውን ክስተት ተከትሎ፣ ሰውን ማዕከል ያደረገ፣ የተቀናጀና የተናበበ ርብርብ እንደሚያስፈልግ ከዘረዘሩ በኋላ ወደ ዋናው ሐሳብ ሊገቡ ሲሉ፣ ከመሬት በኩል ጩኸት ተሰማ።

«ጉንዳን ገባብኝ!»

«ታገሺ፣ ርብርብ ላይ ነን።»

በርብርቡ መሠረት እኔና ደላላው ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ፈልገን፣ የሦስታችንን ጃኬት እጅጌውን አሾልከን ቃሬዛ ሠራን። ሥራው ያምር ነበር። የጥርስ ሐኪሟ ቃሬዛውን አየችና ሳቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

«በቁሜ ልትሸከሙኝ ነው?»

«በቁምሽ አይደለም፤ ተጋድመሽ» አለ ደላላው።

ተጋደመች። ምን ታድርግ? ጓደኞቿ ነን። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ፊታችን ላይ የነበረውን ደስታ ለማጥፋት አልጨከነችም።

ደላላው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተነሳን። ስንነሳ የደላላው ወገብ ቀጭ ሲል እኔም ሰማሁ፤ እሱ ግን በጀግንነት «ቅርንጫፍ ነው» አለ። ክቡር አመራር እንዳይጓደል ፊታቸውን ወደ እኛ፣ ጀርባቸውን ወደ ቁልቁለቱ አድርገው ወደ ኋላ እየተራመዱ ይመሩን ነበር።

«ግራ! ቀስ! አሁን ቀኝ! እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈል...»

ጠፉ። አንድ መሪ በዓረፍተ ነገር መሐል እንዴት እንደሚጠፋ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ቀጥሎ ከታች ካለው የእሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ድምፃቸው መጣ፤ ስለ ጥንቃቄ አልነበረም።

ደላላው ለማየት ዞር ሲል ወገቡ በዞረበት ቀረ። ቃሬዛውን ለቀቀው። የጥርስ ሐኪሟ እንደ ድመት ዘላ በሁለት እግሯ ቆመች። እኔ ግን ኃላፊነቴን ሳልለቅ፣ ባዶውን ቃሬዛ ጨብጬ ተንከባለልኩ። ስቆም ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎኛል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። የጥርስ ሐኪሟ ክቡርን ከእሾህ ውስጥ ጎትታ አወጣች። የሁላችንንም ሻንጣ ተሸከመች። እኔን ትከሻዋ ላይ አስደገፈች፤ ደላላውን እንደ ማጭድ እንደታጠፈ በቀበቶው ጫፍ ይዛ መራች። ክቡርም እየተንከረፈፉ ከኋላ ተከተሉ፤ በየመሐሉ «በርቱ!» ይሉ ነበር።

ክሊኒኩ ስንደርስ ነርሷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «የወደቀው ማነው?»

«እሷ ናት!» አልን በአንድ ድምፅ።

ነርሷ አራት ሻንጣ ተሸክማ ቀጥ ብላ የቆመችውን ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እናንተስ?»

«እኛ የነፍስ አድን ቡድኑ ነን» አሉ ክቡር፣ ደረታቸውን ነፍተው።

«እሺ አባባ። ሱሪዎን ያውልቁና በሆድዎ ይተኙ።»

በሳምንቱ በክቡር ቤት ሳሎን ውስጥ ለግምገማ ተሰበሰብን። እሳቸው ሁለት ትራስ ላይ በጥንቃቄ ተቀምጠዋል። ደላላው መቀመጥ ስለማይችል ቆሟል፤ ለክብር ይመስል ነበር። የእኔ እግር በርጩማ ላይ ነው። የጥርስ ሐኪሟ ብርቱካን እየላጠች ለሦስታችንም ታድላለች።

«እንደሚታወቀው» አሉ ክቡር፣ «በአንዲት አባል መንሸራተት ሳቢያ በሦስት አባላት ላይ ጉዳት ደርሷል። ዘመቻው የተሳካ ቢሆንም መንስኤው መወገድ አለበት። ስለዚህ የመንሸራተት ዝንባሌ ያላት አባል ከጉዞ እንድትታገድ ለውሳኔ አቀርባለሁ። የምትደግፉ?»

ደላላው እጁን አወጣ፤ እስከ ትከሻው ብቻ ደረሰለት። እኔም አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ አትጠይቁኝ፤ ክንዴ ለምዶታል።

የጥርስ ሐኪሟ ብርቱካኑን አስቀመጠች። አልሳቀችም። ሳሎኑ ያለ ሳቋ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁ።

«ሳምንቱን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሳይ ነው የምውለው» አለች ቀስ ብላ። «ሰማይ የማየው ቅዳሜ ብቻ ነው። እሱንም ከነፈጋችሁኝ እሺ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በሚቀጥለው ጊዜ ማን ያወርዳችኋል?»

ደላላው ወገቡን ዳሰሰ። እኔ እግሬን አየሁ። ክቡር ትራሱ ላይ ተመቻቹና፣ በሥራ ዘመናቸው ስንቱን ችግር እንደፈቱበት በሚያስታውቅ ጥልቅ ዝምታ ተዋጡ። በመጨረሻም ቀና አሉ።

«ውሳኔው ተሻሽሏል። መውጣት ታግደሻል። መውረድ ግን ተፈቅዶልሻል።»

«ሳልወጣ እንዴት አድርጌ ነው የምወርደው?»

ክቡር በትዕግሥት ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ እሱ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው።»