ክቡር ዘመዴና የተዘጋው ድልድይ

በየምክር ቤቱ ሰውን ሁሉ ዘመድ ሳያደርግ ውሎ ማደር የማይችል አንድ አባል አለ። በናንተ ምክር ቤት ከሌለ በደንብ አልፈለጋችሁም ማለት ነው። የኛን «ክቡር ዘመዴ» እንላቸዋለን። መዝገብ ላይ ሌላ ስም አላቸው፤ ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ብሆንም አንዳንዴ ይጠፋብኛል።

ክቡር ዘመዴ ከጎረቤት አገር ምክር ቤት ጋር የሚመክረው የወዳጅነት ቡድን ሰብሳቢ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደው እጁን ይጨብጣሉ፤ ከጨበጡ አይለቁም። «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» በሦስተኛው ጥያቄ አንድ አክስት ትገኛለች። አንዴማ አንድ አምባሳደር በጥርስ ሐኪማቸው በኩል ዘመድ ሆነው ወጥተዋል።

ሌላው አመላቸው ወንበር ማደባለቅ ነው። እኛ ሁለቱን ልዑካን ፊት ለፊት እናስቀምጣለን፤ እሳቸው ማለዳ ይገቡና የስም ካርዱን አንድ ከኛ፣ አንድ ከነሱ አድርገው ይደረድሩታል። «ከተፋጠጡማ ጠብ እንጂ ወሬ መች ይመጣል?» አለቃዬ «ፕሮቶኮሉስ?» ሲሏቸው፣ «እሱንም መሐል አስቀምጡት!»

ያለፈው ዓመት ስብሰባ ግን ለኔ ቀልድ አልነበረም። ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው የወንዙ ድልድይ ከተዘጋ ያኔ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እህቴ ያገባችው ማዶ ነው፤ ልጇ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል፣ እናቴ ግን በዓይኗ አላየችውም። ቡድኑ ካልተስማማ መንግሥታቱ ድልድዩን አይከፍቱም። የኛ ረቂቅ «በሳምንት አንድ ቀን» ይላል፤ የነሱ «በየቀኑ»። ከኛ በኩል ደግሞ አንድ ጡረተኛ ዳኛ አሉ፤ ሰነድ አስቀድመው አያነቡም፣ ፊታቸው ያገኙትን ወረቀት ግን የሙጥኝ ብለው ይሟገቱለታል።

እንደ ወትሮው የኛን ረቂቅ በቀኝ በኛ ወንበሮች ፊት፣ የነሱን በግራ በነሱ ወንበሮች ፊት አስቀምጬ ወጣሁ። ክቡር ዘመዴ ከኋላዬ ገብተው ካርዱን አደባለቁት፤ ወረቀቱን አልነኩትም። ዳኛው ካርዳቸው ያለበት ቦታ ተቀመጡ፣ ያገኙትን አነበቡ፣ ተነሡ።

«ድልድይ የሚሠራው ለመሻገር ነው! በየቀኑ የማይከፈት ከሆነ ይፍረስ!» ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ደበደቡ።

የማዶዎቹ መሪ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። «እሰይ! ዕድሜ ይስጥዎ! እኛም የምንለው ይህንኑ ነው!»

ዳኛው የወረቀቱን ራስጌ ያዩት ያኔ ነው። የማዶ ማኅተም! ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ፤ አሁን ከካዱ ጉዱ ፈላ። ክቡር ዘመዴ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ። «ወንድሜ፣ እንዲህ አምሮበት የተናገረ ሰው ቃሉን ያጥፋል እንዴ?»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «የተናገርኩትን አላጥፍም» አሉ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ድልድዩ በየቀኑ እንዲከፈት የሁሉም እጅ ወጣ፤ እኔም ማንም ሐሳቡን ሳይለውጥ ቶሎ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ።

ድልድዩ የተከፈተ ዕለት እናቴን ይዤ ማልጄ ደረስኩ። ክቡር ዘመዴ ቀድመውናል። ድልድዩ መሐል ላይ ከእህቴ ጋር ቆመው፣ የማን ልጅ እንደሆነች አጣርተው ጨርሰዋል፤ ሕፃኑ ክንዳቸው ላይ ነው። ስንቱን ቀን ስቄባቸው እንዳልኖርኩ፣ ያን ቀን እንባዬ መጣ።

«ኑ እንጂ እትዬ፣ ምን ይገትርዎታል?» ብለው እናቴን ተጣሩ። «የልጅ ልጃችንን ተቀበሉኝ!»