የጋሽ ፋንታ ምርቃት

በየገበያው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሽጦ ሲያበቃ ሰው የበደለ የሚመስለው። ገዢው ሳይጠይቅ «ቆይ እንጂ፣ ልመርቅልህ» ካላለ ሆዱን ባር ባር የሚለው። የሞጣው ሸማኔ፣ ክቡር ወምስጉን ጋሽ ፋንታ፣ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ናቸው።

ቢቸና ድረስ ሄደው ጋቢ ከሸጡ መቀነት ይመርቃሉ። መቀነት ከሸጡ ደግሞ ፈልገው ያገኙትን። አንዴ የሚመርቁት ቢያጡ የአንገታቸውን ፎጣ አውልቀው ሰጥተው፣ በፀሐይ ተቃጥለው ገቡ። «ልክ ልኩን የሰጠ ሰው ምን ሰጠ ይባላል?» ይላሉ።

ጭንቁ የመጣው ንግዱ ባሕር ሲሻገር ነው። የወንድማቸው ልጅ እፀገነት ከኢንተርኔት ቤት በላከችው ፎቶ፣ ጀርመን አገር ያለች ባለ ሱቅ ሃያ ጋቢ አዘዘች። ጋሽ ፋንታ ሃያውን ከሰፈሩ ሸማኔዎች ጋር ሸምነው ሲያስሩ፣ እፀገነት ሳታይ ሁለት መቀነት ወሸቁበት። አዲስ አበባ ጉምሩክ ላይ ጥቅሉ ቢፈታ የጭነት ወረቀቱ የማያውቀው ዕቃ ተገኘ። ጉድ ፈላ! ጭነቱ ታገደ።

ሴትዮዋ «ለገና ካልደረሰ ይቅር» ብላለች። ይህ ከቀረ ሁለተኛ የሚያዝ የለም፤ ለሥራው የተሰበሰቡት የሰፈሩ ሸማኔዎችም ተበትነው ቀን ሥራ ፍለጋ መውጣታቸው ነው። እፀገነት አጎቷ ዘንድ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ምን ጉድ ሠሩኝ?»

«ምን ሠራሁ? ጨመርኩ እንጂ አጎደልኩ?»

«ጭማሪ አንፈልግም ነው የሚሉት!»

«እግዚኦ! ምርቃት የማይፈልግ ሕዝብ ምን ነክቶታል?»

ስንት ተለምኖ መቀነቱ ወጣ፣ ጋቢው ለጥቂት ደረሰ። ሴትዮዋም ወደደችውና እንደገና አዘዘች። ይሄኔ እፀገነት ጥቅሉ ላይ ዘብ ቆመች። ጋሽ ፋንታ እሺ አሉ፤ እሺ ብለው ግን ፊታቸው ጠቆረ፣ ምሳቸውንም መለሱት።

«ምርቃት የሌለው ጋቢ መግነዝ ነው» አሉ ለራሳቸው። «ፋንታ ሰሰተ ይሉኛል።»

«ጀርመን ማን ያውቅዎታል ጋሼ?»

«እሱማ ነው የከፋው። በምን ያውቁኛል?»

ንድድ አለች። ወዲያው ደግሞ አሳዘኗት፤ ትወዳቸዋለቻ፣ ምን ታድርግ! መቀነቶቹን ራሷ አጣጥፋ አስገባች፤ ወረቀቱ ላይ ከጋቢዎቹ ሥር «ሁለት መቀነት፣ በነፃ» ብላ ጻፈች። ጭነቱንም ይዛ አዲስ አበባ ወረደች።

ፈታሹ ወረቀቱን ሲያነብ ቆየና ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ይቺ በነፃ የምትለው ምንድን ናት?»

አሁንም ከታገደ በገዛ እጇ ነው።

«ምርቃት ናት» አለች።

«የማን?»

«የአጎቴ። ሸማኔ ናቸው፣ የሞጣ።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት።

«ምርቃትማ አሜን ነው የሚባለው» አለና ማኅተሙን መታው።