እጄና የልጄ ኪሎ

እኛ የቆቦ ሰዎች መርፌ ካልተወጋን ታከምን አንልም። ክኒን ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው ይታዘንለታል፤ ምክር ይዞ የተመለሰማ ባይሄድ ይሻለው ነበር። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስለዚህ ዘሀራ በወሬ አዳነችኝ ስላችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም።

ዘሀራ የቀበሌያችን የጤና ወኪል ናት። ቀበሌው መርጧት ሦስት ወር ሠለጠነችና መጸዳጃ ጉድጓድ ስታስቆፍር፣ ሕፃናት ስትመዝን ትውላለች። ሐኪም አይደለችም፤ ነርስም አይደለችም። ከእኔ የምትበልጠው በአምስት ዓመትና በአንድ መዝገብ ነው።

የስድስት ወር ልጄን በየሳምንቱ እሷ ጋ እወስድና ከጣሪያው በተንጠለጠለው ሚዛን፣ በጨርቅ ከረጢቱ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ቁጥር ማንበቤ ጎዳኝ እንጂ አልጠቀመኝም፤ ዱሮ ቢሆን ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነው» ስትለኝ አምኜ እገባ ነበር። አሁን አምስት ኪሎዋን በዓይኔ እያየሁ ማን ያታልለኛል? እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወተቴም መንጠፍ ጀመረ። ልጁ የሚተርፍልኝ አልመሰለኝም።

ለካ ልጁ ሚዛን ላይ ሲሰቀል እጄ ከሥሩ አይወጣም። ነጋዴ ማሽላው እንዲከብድለት ሚዛን ላይ ጣቱን ጣል ሲያደርግ አይታችኋል (ባሌን አላልኩም)፤ የገዛ ልጇን ለማቅለል የደከመች ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ዘሀራ «እጅሽን አንሺ» ስትለኝ አነሳለሁ፤ ሳይታወቀኝ ተመልሶ ይገባል።

አንድ ቀን መዝገቧን ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እስቲ ሚዛኑን ተይው። ብትለቂው ምን ይሆናል?»

«ይወድቃላ፣ እትዬ ዘሀራ!»

«ከዚያስ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ አለ? ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ለማንም ያልተነፈስኩትን ነገርኳት፤ የመጀመሪያ ልጄ በኩፍኝ ሲሞት እኔ ውሃ ወርጄ ነበር። እጄ ላይ አልነበረም።

ዘሀራ «የአላህ ሥራ ነው፣ እርሺው» አላለችኝም። እሱንማ ጎረቤቱ ሁሉ ብሎኛል። «ውሃው ጋ ማን ነበር? ስትመለሺስ?» እያለች ጠየቀችኝ። መርፌ የለ፣ ክኒን የለ። «በሚቀጥለው ሳምንትም እናወራለን» ብላ ሸኘችኝ።

በአራተኛው ሳምንት ልጁን ሰቅለን እያወራን፣ ውሃ ወረፋ ላይ የገፈተረችኝን ሴት በሁለት እጄ አስመስዬ ሳሳያት፣ ልጄ ለካ ብቻውን ተንጠልጥሎ እግሩን ያወራጫል። ሰባት ኪሎ!

«አብሽሪ፣ ልጁ ደኅና ነው» አለችኝ። «የሚቀጥለው ሳምንት ብቻሽን ነይ። ልጁን ለሙሄ ተዪለት።»

ሙሄ ባሌ ነው። ልጅ ታቅፎ አያውቅም። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ልመለስ ዞሬያለሁ። እንደ ምንም ደርሼ ማውራት ጀመርኩ፤ ወሬው ደግሞ ጣመኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ኖሮ፣ ሙሄ የሚንጨረጨር ልጅ ታቅፎ፣ በላብ ተጠምቆ በሩ ላይ ቆመ።

«አንቺ! ልጅ እንዳለሽ ትዝ ይልሻል?»

እውነቱን ልንገራችሁ? ትዝ አላለኝም ነበር። ክው ብዬ ዘሀራን ባያት አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች። ልጄን ተቀብዬ ጡቴን ሰጠሁትና፣ ሙሄን «አረፍ በል» ብዬ ወሬዬን ቀጠልኩ።