ያጠፋኸውን መልስ

በአካል ስንገናኝ ሰላምታችን አያልቅም። እዚህ ወልቂጤ ሁለት ሰዎች አስፋልት ዳር ከተያዩ የልጁ፣ የከብቱ፣ አገር ቤት ያለው የአክስት ልጅ ደኅንነት በየተራ ተጠይቆ እስኪያበቃ ባጃጁ ጥሩንባውን እያንባረቀ በጎናቸው ይዞራል እንጂ እነሱ አይላቀቁም። እነዚሁ ሰዎች ስልካቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናሉ። ሰላም ሳይሉ ይገባሉ፣ ሳይሰናበቱ ይወጣሉ፣ በመሀል ተሳድበው ያልፋሉ። አፋችን የለመደውን ይሉኝታ ጣታችን ገና አልተማረውም መሰለኝ። እናንተም አንድ ሁለት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሳትኖሩ ስለማትቀሩ የምለው ይገባችኋል። ስድቡንስ ለምደነዋል። እኔ የማጫውታችሁ ስላልለመድኩት ነገር፣ ስለ ፍርሃት ነው።

ነጃት እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የማነሳባትና ማመልከቻ የምጽፍባት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ይህን አገር ያውቀዋል። አገር የማያውቀው ደግሞ የአንድ ትልቅ ግሩፕ አድሚን መሆኔን ነበር። ግሩፑ ከወልቂጤ፣ ከጉብሬና ከአገና የተሰባሰበ ሰው የሚገኝበት ነው። የጠፋ መታወቂያ፣ የጠፋ ፍየል፣ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ መብራት የሚመለስበት ሰዓት፤ ሁሉም እዚያ ይነገራል። የምናስተዳድረው እኔና ጋሽ ተስፋዬ ነን። ጋሽ ተስፋዬ በወጣትነታቸው ከጎጃም ለማስተማር መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማንም እንዳያውቀን ብለን “አድሚን” የሚል አንድ አካውንት በጋራ ከፍተናል፤ በእሳቸውም በእኔም ስልክ ይሠራል። የግሩፑን ደንብ የጻፉት እሳቸው ናቸው። አሥራ አንድ አንቀጽ አለው። ያነበበው ሰው ካለ እኛ ሁለታችን ነን።

ከአንቀጾቹ አንዱን ግን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የሞተ ወይም የተጎዳ ሰው ምስል አይለጠፍም የሚለውን። ምክንያት አለኝ። ጎረቤቴ የወንድሟን ሞት የሰማችው ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ ስልኳን ስትነካካ ነው። የወንድሟ ፊት መጣ፤ ከሥሩ የማታውቃቸው ሰዎች “ነፍስ ይማር” ብለው ጽፈውበታል። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀስ ብሎ፣ አስቀምጦ ማርዳት በሚያውቅ አገር እሷን ያረዳት አንድ ቪዲዮ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ እጄ ለማጥፋት አይዘገይም።

አንድ ጠዋት በአገና መንገድ ሚኒባስ ተገለበጠ። አንዲት ሴት ሞተች። ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮው ግሩፓችን ውስጥ ገባ። ሴትየዋ ፊቷ ሳይሸፈን መንገድ ዳር ተጋድማለች። እኔ የተጋደመችውን እስካይ ድረስ ብቻ ነው የተመለከትኩት። አጠፋሁት፤ የለጠፈውንም አስወጣሁት፤ ጥሩ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ወደ ፎቶ ኮፒዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ወደ አድሚን አካውንት መልእክት መጣ። ላኪው የንስር ፎቶ የለጠፈ፣ ስሙን “ዝምተኛው” ያለ ሰው ነው። እንዲህ ይላል፦

“የት እንደምትሠራ አውቃለሁ። የት እንደምታድር አውቃለሁ። ያጠፋኸውን በሦስት ቀን ውስጥ መልስ። አለበለዝያ አንተን ነው የማጠፋህ።።።”

ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ወንበር ላይ ተቀመጥኩና እንደገና አነበብኩት። ማታ ለባለቤቴ ለከድር አሳየሁት። ከድር የግብርና ባለሙያ ነው፤ ነገርን ረጋ ብሎ ማየት ይወዳል። አየውና፣ “የጻፈው እኮ ለወንድ ነው፤ አንቺን አያውቅሽም” አለኝ። መጽናናት የሚፈልግ ሰው በዚህ ይጽናና ነበር። እኔ ግን ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በ“ምትሠራ” እና በ“ምትሠሪ” መካከል ያለው የአንዲት ጭረት ልዩነት መሆኑን አውቃለሁ። ጣቱ ስቶ ቢሆንስ? ደግሞ ሳስበው፣ ወንዱ ከድር ቢሆንስ? ለራሴ ብቻ እፈራ የነበርኩት ሴት ለሁለት መፍራት ጀመርኩ።

ለጋሽ ተስፋዬ ስደውል እሳቸውም አንብበውታል። ድምፃቸው ቀጥኗል። ግሩፑን ብንዘጋው ምን ይመስልሻል አሉኝ። ደንቡስ ስላቸው፣ ደንብ የሚያስፈልገው በሕይወት ላለ ሰው ነው አሉ። በዚያው ቀን በግል አካውንታቸው ላይ የነበረውን ጉርድ ፎቶ አንስተው ጽጌረዳ አደረጉበት።

ፖሊስ ጣቢያም ሄጃለሁ። የተቀበለኝ መኮንን በትሕትና አዳመጠኝና መልእክቱን በወረቀት አትመሽ አምጪ አለኝ። ወደ ሱቄ ተመልሼ የራሴን ማስፈራሪያ በሦስት ኮፒ አተምኩ። ማሽኑ ሲያወጣው ሞቅ ያለ ነበር።

ፍርሃት ከተማን እንዴት እንደሚለውጥ የደረሰበት ያውቀዋል። “ስንት ሰዓት ትዘጊያለሽ?” ብሎ የሚጠይቀኝ ደንበኛ በየቀኑ ነበር፤ አሁን ግን የጠየቀኝን ሁሉ መልኩን እይዝ ጀመር። ፊት ለፊት ቆሞ ሰው የሚጠብቀው ባለ ባጃጅ እኔን የሚጠብቅ መሰለኝ። ሁለቱን ልጆቼን አገና እናቴ ዘንድ ላክኋቸው። እናቴ ለምን ስትለኝ ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ነው አልኳት። ከድር ለግቢው በር አዲስ ቁልፍ ገዛ። ቁልፉን ሲገጥም ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ፤ እኔም የጎረቤቶቼን ዓይን አየሁ። ለዓመታት አብሬያቸው ቡና የጠጣሁ ሰዎች ናቸው። እነሱንም ጠረጠርኳቸው። የሚያሳፍር ነው፤ ግን ሆነ።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ከድር ለሥራ ገጠር ወጥቷል፤ ሱቁን አትክፈቺ ብሎኝ ነበር፤ ቤት ብቻዬን መቀመጡ ይብስ ስላስፈራኝ ከፈትኩ። ረፋዱ ላይ አንድ ወጣት “አሰላሙ አለይኩም” ብሎ ገባ። ሰላምታው ረጅምና ሞቅ ያለ ነበር፤ ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ ሥራዬን ጠየቀ። ሙኒር እባላለሁ፣ ጉብሬ አናጢ ነኝ አለና በእጁ የጻፈውን ወረቀት ዘረጋልኝ። “ይህን በኮምፒዩተር ይጻፉልኝ፣ እትዬ።”

መጻፍ ጀመርኩ። ማመልከቻው ለትራፊክ ፖሊስ ነው። ወንድሙ በአገና መንገድ የተገለበጠው ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ታስሯል። ጥፋቱ የወንድሙ እንዳልሆነ፣ ከፊቱ ያለ አግባብ የዞረ የጭነት መኪና እንደነበረና እንዳመለጠ ይናገራል። ማስረጃ ሊሆን የሚችል ቪዲዮ በአንድ ግሩፕ ላይ ወጥቶ እንደነበር፣ ነገር ግን አድሚን የተባለው ግለሰብ ሆን ብሎ እንዳጠፋው ይቀጥላል። የቀረጸው ሰው ስልክ ስለተሰበረ ሌላ ኮፒ አልተገኘም። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። “አለበለዝያ ቤተሰባችን ይበተናል።።።” ይላል። “አለበለዝያ” በ“ዝ”። አራት ነጥቡም ሦስት።

ቀና ብዬ አላየሁትም። የሚያስፈራኝ ሰው ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ፣ ደንበኞቼ በሚቀመጡባት ዱካ ላይ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀምጧል። ዝም ብል ምንም አልሆንም፤ ጽፌ፣ አትሜ፣ ሸኝቼው ይሄዳል፤ ማን እንደሆንኩ ዕድሜውን ሙሉ አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ማድረግ በጣም አማረኝ። ግን ቪዲዮው ስልኬ ውስጥ ነበር። ከግሩፑ ባጠፋውም ስልኬ በራሱ አውርዶ አስቀምጦታል። ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ይዤ ድምፁን ዘግቼ ከፈትኩት፤ በዚያን ቀን ያላየሁትን ጫፉን አየሁ። ቀራጩ ካሜራውን ሲያዞር በአቧራው መሀል አንድ የጭነት መኪና ሲሸሽ ይታያል። ታርጋው ይነበባል።

“ለአድሚኑ ጽፈህለት ነበር?” አልኩት።

“ጽፌለታለሁ። አስፈራርቼዋለሁም። መልስ አልሰጠኝም።”

“የት እንደሚሠራ ታውቃለህ?”

“ከየት አውቄ፣ እትዬ። እንዲፈራ ብዬ ነው።”

ሦስት ቀን። ልጆቼ፣ የበሩ ቁልፍ፣ የጎረቤቶቼ ዓይን፣ ሁሉም እንዲፈራ ተብሎ ነው። ስልኬን ወደ እሱ አዞርኩት፤ መጀመሪያ የራሱን መልእክት፣ ቀጥሎ ቪዲዮውን አሳየሁት።

ተነሣ፣ ተቀመጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እኔ ደግሞ በተነሣ ጊዜ ወንበሬን ወደ ግድግዳው ገፍቼ ነበር፤ አሁንም ቢሆን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበርና። በመጨረሻ እንዲህ አለ፤ “ወንድ መስሎኝ ነው።”

“ወንድ ብሆን ኖሮስ?”

የጠየቅሁት መልስ ፈልጌ አልነበረም። ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ እስከ መጨረሻው ሳላይ፣ ለምን ፈለግኸው ብዬ ሳልጠይቅ። ይህንንም ነገርኩት። አልቅሶ እንደሆነ አላውቅም፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ቪዲዮውን በፍላሽ ገልብጬ ሰጠሁት፤ ለፖሊስ ብቻ እንጂ የሴትየዋን ፊት ለማንም እንዳያሳይ አስማልኩት። ማመልከቻውንም አስተካከልኩለት። “ሆን ብሎ” የሚለውን አወጣሁ፤ አድሚኑም በዚህ ሁሉ መሀል ትንሽ ፍትሕ ያግኝ ብዬ ነው።

የጭነት መኪናው ተገኘ፤ ወንድሙ በዋስ ወጣ፤ ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ነው። ልጆቼ ተመለሱ፤ እናቴም ቀለሙ የታል ብላ እስካሁን ትጠይቀኛለች። ጋሽ ተስፋዬ አሥራ ሁለተኛ አንቀጽ ጨመሩ፤ የሚጠፋ ነገር ሁሉ ለአሥር ቀን ይቀመጣል፣ ማስፈራራት ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስወጣል የሚል። ሙኒር “ዝምተኛው” የሚለውን ትቶ በስሙ ገባ፤ እስካሁን አንድ ቃል አልጻፈም።

ባለፈው ሳምንት እናቱ ካልመጣሽ ብለው ጠሩኝ። ጉብሬ ሄድኩ። ስለ መልእክቱ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ልጄን ያስፈታችልኝ ሴት ብለው ቆጮና አይብ አቀረቡልኝ፤ መረቁኝ፤ ምርቃቱ እንደ ሰላምታችን ማለቂያ አልነበረውም። ሙኒር ውኃ ይዞ ሲያስታጥበን እናቱ እጁን ያዙና፣ “ይኼ ልጅ ዶሮ እንኳ ሲታረድ ማየት አይችልም፤ እንዲህ ልቡ የራራ ነው” አሉኝ። እሱ ወለሉን አየ።

“ይታወቃል” አልኩ።

እውነቴን ነው። ምግቡም ይጣፍጥ ነበር፤ ቤቱም የደግ ሰዎች ቤት ነው። እኔ ግን ስገባ ከሁሉ መቀመጫ መርጬ የተቀመጥኩት ለበሩ በምትቀርበው በርጩማ ላይ ነበር።